ሰሙን የሚሰማ ጆሮ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ሐሜት ከሁሉም ኋላ ይሰማዋልና። እኔ ይህ አባባል በሌላም በኩል እውነት መሆኑን የተረዳሁት ስድሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ዐይን ሲደክም ባለቤቱ ያውቃል፤ ፊደሉ ይደበዝዛል፣ መጽሐፉ ከክንድ ርዝመት ይርቃል፣ መነጽርም ይገዛል። ጆሮ ሲደክም ግን ባለቤቱ የሚያስተውለው የሌሎችን ጥፋት ነው። ሰዎች ማጉረምረም የጀመሩ፣ ዜና አንባቢዎች ቃል መዋጥ የለመዱ፣ ወጣቶች አፋቸውን ሳይከፍቱ የሚናገሩ ይመስለዋል። ያልሰማውን ነገር አለመስማቱን በምን ያውቃል? በመንገድ የጠፋ ደብዳቤ መጥፋቱን ለተቀባዩ አይናገርም።

እኔም ወደ ምርመራ የሄድኩት ስለ ጆሮዬ ተጨንቄ አልነበረም። የተጨነቅሁት ስለ አእምሮዬ ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ከቃል በቀር ሀብት የለኝም። ልጄ ጠዋት ነገረችኝ የምትለውን ነገር ከሰዓት በኋላ ስትጠይቀኝ ጨርሶ እንዳልተነገረኝ እሆናለሁ። «አባዬ፣ ነግሬህ ነበር እኮ» ትለኛለች። መጀመሪያ በሳቅ ነበር፣ ኋላ በትካዜ፣ ከዚያም በዝምታ። ታላቅ ወንድሜ በመጨረሻ ዘመኑ የልጆቹን ስም ሳይቀር ረስቶ ነው ያረፈው። በቤታችን ስሙን ያነሣ የለም፤ ሁላችንም ግን እርሱን እያሰብን ነበር። እንግዲህ በዚያች ጠባብ ክፍል የተቀመጥኩት «ጆሮ ነው ወይስ አእምሮ?» የሚል ጥያቄ ይዤ ነው። መልሱ በአንዲት ወረቀት ላይ ተሥሎ ወጣ። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች ወረቀት አነባበብ ነው።

ወረቀቷ ኦዲዮግራም ትባላለች። ከግራ ወደ ቀኝ ድምፆች እንደ ውፍረታቸውና እንደ ቅጥነታቸው ተደርድረውባታል፤ 250 ሄርዝ፣ 500፣ 1000፣ 2000፣ 4000፣ እስከ 8000። በግራ ጫፍ የከበሮ ጉምታ፣ በቀኝ ጫፍ የፌንጣ ሲርታ ይኖራል ብላችሁ አስቡ። ከላይ ወደ ታች ደግሞ የድምፁ ኃይል በዴሲቤል ይቆጠራል። አቆጣጠሩ ግን የተገለበጠ ነው፤ ዜሮ ከላይ፣ 120 ከታች። መስመሩ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ሰውዬው ለመስማት የበለጠ ኃይል ያለው ድምፅ ያስፈልገዋል ማለት ነው። ቀይ ክብ የቀኝ ጆሮን፣ ሰማያዊ የኤክስ ምልክት የግራውን ያሳያል።

ከሁሉ በፊት ያስገረመኝ ዜሮዋ ናት። የድምፅ አለመኖር ምልክት ትመስላለች፤ አይደለችም። ጆሯቸው ጤናማ የሆነ ወጣቶች በአማካይ መስማት የሚጀምሩበት የድምፅ መጠን ናት። ስለዚህም ከዜሮ በላይ፣ በነጌቲቭ 10 የሚሰሙ ሰዎች አሉ። መለኪያው ከሰው የተወሰደ ነው፤ ወረቀቷ የምትለው «ይህን ያህል ድምፅ አለ» ሳይሆን «ከጤናማ ወጣት ይህን ያህል ርቀሃል» ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ ዴሲቤል ፐርሰንት አለመሆኑ ነው። በእኛ ዘንድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ስንት ፐርሰንት ይሰማል?» ነው። ወረቀቷ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ የላትም። 10 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል 10 ጊዜ ያድጋል፤ 20 ሲጨመር 100 ጊዜ፤ 60 ሲጨመር ሚሊዮን ጊዜ። በወረቀት ላይ አንድ ጣት የማይሞላ ቁልቁለት በእውኑ ዓለም ገደል ነው። የመለኪያው ስም የተወሰደው ከስልኩ ሰው ከአሌክሳንደር ግራሃም ቤል ነው። የቤል እናት ጆሯቸው የደከመ ነበር፤ ሚስቱም በልጅነቷ በሕመም መስማት የተሳናት ሴት ነበረች። በእናቱና በሚስቱ ዝምታ መካከል የኖረ ሰው ስም የድምፅ መለኪያ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝነኛልም፣ ደስም ይለኛል።

ነጥቦቹ በወረቀቷ ላይ እንዴት እንደሚቀመጡም ማወቅ ያስፈልጋል። ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ ማዳመጫ አድርጋችሁ ትቀመጣላችሁ፤ በእጃችሁ ቁልፍ ይሰጣችኋል፤ ድምፅ በሰማችሁ ቁጥር ትጫኑታላችሁ። ከሰማችሁ ባለሙያዋ ድምፁን በ10 ዴሲቤል ትቀንሰዋለች፤ ካልሰማችሁ በ5 ትጨምረዋለች። ሥርዓቱን ሂውሰንና ዌስትሌክ የተባሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1944 አቀረቡት፤ ካርሃርትና ጀርገር ደግሞ በ1959 አሻሻሉት። በመጨረሻ ነጥቡ የሚቀመጠው ድምፁ ከታች ወደ ላይ እየጨመረ ሲመጣ ቢያንስ በግማሹ ጊዜ በሰማችሁበት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ነው። ይህን ልብ በሉልኝ። ነጥቡ የእርግጠኝነት ቦታ አይደለም፤ የጥርጣሬ ድንበር ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ዝምታው ሲረዝም ሰው ያልተላከለትን ድምፅ ሁሉ መስማት ይጀምራል፤ የገዛ ደሙ እንኳ ያፏጭበታል። «ሰማሁ» እና «የሰማሁ መሰለኝ» የሚባሉት ነገሮች ጎረቤታሞች መሆናቸውን እዚያ ተማርኩ።

ቀጥሎ ሌላ ዙር አለ። ከጆሮ ጀርባ ባለው አጥንት ላይ ትንሽ ነዛሪ ዕቃ ትቀመጣለች፤ ድምፁም በጆሮ ቀዳዳ ሳይሆን በራስ ቅል በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። የዚህ ጥቅም ሁለቱን መንገዶች ማነጻጸር ነው። በአየር የሚመጣው ድምፅ ደክሞ በአጥንት የሚመጣው ደህና ከሆነ የተበላሸው በሩ ነው፤ ኩክ ሞልቶበት፣ የጆሮው ታምቡር ተቀድዶ፣ ወይም ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ በሐኪም እጅ የሚስተካከል ነው። ሁለቱ መንገዶች እኩል ደክመው ከተገኙ ግን ችግሩ ያለው ከበሩ ወዲያ፣ ከቤቱ ውስጥ ነው። አንዱ ጆሮ ከሌላው በጣም የተሻለ ሲሆን ደግሞ ደህነኛው በራስ ቅል በኩል የሾለከውን ድምፅ ሰምቶ ስለ ታማሚው ይመልሳል። ስለዚህ ለደህነኛው ጆሮ የሚሽሽ ድምፅ እየሰጡ ያዘናጉታል፤ ጎረቤት ስለ ጎረቤት እንዳይመሰክር ማለት ነው።

የእኔ ሁለት ጆሮዎች ተመሳሳይ ሆነው ተገኙ። የአየሩና የአጥንቱ መንገድም ተጣብቀው የሚሄዱ ነበሩ። መስመሩ በ500 ሄርዝ ላይ 10 ዴሲቤል፣ በ1000 ላይ 15፣ በ2000 ላይ 20 እያለ እንደ ሜዳ ይሄድና ከዚያ በድንገት ይወድቃል፤ በ4000 ላይ 60፣ በ8000 ላይ 70።

ይህን መስመር በአንድ ቁጥር ጠቅልል የተባለ ሰው ምን ይላል? የመጀመሪያዎቹን ሦስት ነጥቦች ደምሮ ለሦስት ቢያካፍል 15 ያገኛል፤ ይህም የጤናማ ሰው ቁጥር ነው። አራተኛዋን የ4000 ነጥብ ጨምሮ ለአራት ቢያካፍል 26 ከሩብ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው የመስማት ዘገባ አራቱን ነጥቦች ይወስዳል፤ ከ20 በታች ያለውን ደህና፣ ከ20 እስከ 35 ያለውንም ቀላል የመስማት መቀነስ ይለዋል። እንግዲህ አንድ ሰው፣ አንድ ወረቀት፣ ሁለት ፍርድ፤ በአንዱ ጤነኛ ነኝ፣ በሌላው «ቀላል» ሕመምተኛ። «ቀላል» የሚለውን ቃል ለብዙ ጊዜ አሰብኩበት። ሜዳውና ገደሉ ተደምረው ሲካፈሉ መለስተኛ ቁልቁለት ይሆናሉ፤ በዚያ መንገድ የሚሄደው ሰው ግን የሚወድቀው ከገደሉ ነው።

ቀጫጭኖቹ ድምፆች አስቀድመው የሚጠፉበት ምክንያት አለው። የውስጠኛው ጆሮ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠቀለለ ነው። ቀጫጭኖቹ ድምፆች የሚሰሙት በመግቢያው አጠገብ፣ ወፍራሞቹ በጥቅሉ መጨረሻ፣ ከጓዳው ነው። የድምፅ ሞገድ በዚህ ጥቅል ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ ያሳየው ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ እ.ኤ.አ. በ1961 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። በአንድ ጆሮ ውስጥ የመስሚያ ጸጉር ያላቸው ሕዋሳት በውጨኛው ረድፎች 12,000 ያህል፣ በውስጠኛው 3,500 ያህል ናቸው። ከተወለድን በኋላ የሞተው አይተካም። በዕድሜ የሚመጣው ድካም ከመግቢያው ወገን ጀምሮ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልመለስ፤ ለእኔ ወረቀቷ መናገር የጀመረችው እዚህ ላይ ነውና። የአማርኛ ቃል አጥንቱ ተነባቢው ነው። ስ፣ ብ፣ ር ከሚሉ ሦስት ድምፆች ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ስብራት፣ መስበር ይወለዳሉ። አናባቢዎቹ ማን እንዳደረገና መቼ እንዳደረገ ለመናገር ያግዛሉ፤ ምን እንደተደረገ የሚነግሩን ግን ተነባቢዎቹ ናቸው። ፊደላችንም ይህን የሚያውቅ ይመስላል፤ ተነባቢውን ገላ አድርጎ ይቀርጽና አናባቢውን እንደ እግርና እንደ ክንድ ይቀጥልበታል። ሰ፣ ሱ፣ ሲ፣ ሳ፤ ገላው ያው ነው፣ የተለወጠው አቋቋሙ ነው።

የድምፅ ተፈጥሮ ግን ከዚህ በተቃራኒ ያደላል። አናባቢዎች ጉልበታሞች ናቸው፤ ዋነኛ ኃይላቸው የሚገኘው ከወረቀቷ ግራና መካከል፣ የእኔ መስመር ሜዳ በሆነበት ነው። ከተነባቢዎቹም መ፣ ነ፣ ለ፣ ረ ጉሮሮ እየነዘረ የሚያወጣቸው ስለሆኑ ይደርሱኛል። ሰ፣ ፈ፣ ሸ፣ ተ፣ ከ ግን ትንፋሽ ብቻ ናቸው፤ ቀጭንና ደካማ። ሰ ኃይሏን የምታገኘው በአብዛኛው ከ4000 ሄርዝ ወዲያ፣ ከገደሉ ማዶ ነው። ስለዚህ ወደ እኔ የሚመጣ ቃል እግርና ክንዱ ሙሉ ሆኖ ከገላው የተቦደሰ ነው። አንድ ወንድ፣ ባለፈ ጊዜ፣ አንድ ነገር እንዳደረገ አውቃለሁ። ምን እንዳደረገ አላውቅም።

የቃላቱ ፈተና ይህን ገልጦ አሳየኝ። ወጣቷ ባለሙያ ከንፈሯን በወረቀት ከልላ «ጋሼ፣ እኔ የምለውን መልሰው ይበሉልኝ፤ ባይሰሙትም የመሰለዎትን ይበሉ» አለችኝ። የአዝማሪ ቤት ትዝ አለኝ። «ተቀበል!» ይላል ግጥም የሰጠው ሰው፤ አዝማሪው ስንኙን ከአፉ ነጥቆ በመሰንቆ ይመልስለታል። እኔም ተቀበልኩ። እርሷ ቃል ትሰጣለች፣ እኔ እመልሳለሁ። ከሃያ አምስቱ ቃላት ሃያ አንዱን በትክክል መልሻለሁ። ከበስተጀርባ የሰው ጫጫታ ሲጨመርበት ግን አሥራ ሦስት ብቻ። ኋላ የተሳሳትኩባቸውን ስታሳየኝ በጣቴ ተከተልኳቸው። «ፈራ» ያለችውን «ሠራ» ብዬዋለሁ። «ጠራ» ያለችውን «ፈራ»። «ሸማ» ያለችውን «ሰማ»። ከተማሪዎቼ አንዱ ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ አናባቢ አይስትም፣ ስሕተቱ ሁሉ ከቃሉ ሥር ነው እለው ነበር።

«ድምፁን ከፍ ብታደርጊውስ ልጄ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ከፍ ሲል አናባቢውም አብሮ ከፍ ይላል፤ ጋሼ የሚቸገሩት ደግሞ በእርሱ አይደለም» አለችኝ። ለካ ጆሮው ለደከመ ሰው መጮህ ብዙ የማይረዳው ለዚህ ነው። የሚጮህ ሰው የሚያጎላው ጩኸት የማያስፈልጋቸውን ድምፆች ነው፤ ትንፋሽ ብቻ የሆኑት ድምፆች ያን ያህል አብረው አያድጉም። ሹክሹክታ ደግሞ የባሰ ነው። በሹክሹክታ ጊዜ ጉሮሮ አይነዝርም፤ የሚቀረው ትንፋሹ ነው። «ሹክሹክታ» የሚለውን ቃል እንኳ እዩት፤ ከሸ፣ ከከ እና ከተ የተሠራ ነው፤ አንዱም ከገደሉ ወዲህ የለም ማለት ይቻላል። በለቅሶ ቤት ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ የሚነግረኝ ምስጢር ለእኔ ሙቀት ያለው ነፋስ ብቻ ነው።

ታዲያ እንዲህ የተቦደሰ ቃል እየደረሰኝ ይህን ሁሉ ዓመት እንዴት ሰው መስዬ ኖርኩ? በመገመት ነው። «ሕፃኑ ጨለማ ፈራ» ብትሉኝ አልሳሳትም። «ፈራ» የምትለዋን ሰምቼ አይደለም፤ ሕፃንና ጨለማ ሲገናኙ ምን እንደሚከተል ስለማውቅ ነው። አእምሮ የጎደለውን ተነባቢ ከጎተራው አውጥቶ ይሞላዋል፤ ያን ያህል ፈጥኖ ይሞላዋልና ባለቤቱ የሰማ ይመስለዋል። ከሰዓት ይልቅ ለሊት፣ ከጥዋት ይልቅ ማታ የምደክመው ለካ ቀኑን ሙሉ ሳላውቀው ክፍት ቦታ ሙላ የሚል ፈተና ስሠራ ስለምውል ነው።

ነገር ግን አንድ ገጣሚ ተነሥቶ «ሕፃኑ ጨለማ ሠራ» ቢልስ? እኔ «ፈራ» ብዬ እሰማዋለሁ፤ ራሴን እነቀንቃለሁ፤ ከሰዎቹ ጋር አጨበጭባለሁ። ገጣሚው የሠራው ያ ጨለማ ግን በፊቴ አልፎ ሄዷል።

ይህን ሳስብ ነው የወረቀቷ ትርጉም የገባኝ። ግምት ምንጊዜም የሚያመጣው የተለመደውን ነው። ሥነ ጽሑፍ ደግሞ ያልተለመደው ቃል በተለመደው ቦታ መቀመጥ ነው። አበው ሰምና ወርቅ ያሉት በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ነገር ስለሚሰማ ነው፤ ወርቁን የሚያገኘው ቃሉን በትክክል የሰማ፣ ድምፁን እያገላበጠ የመረመረ ነው። የእኔ ጆሮ ሰሙን ይሰማል። ሰሙን ባይሰማም ራሱ ሠርቶ ያቀርብልኛል። የጠፋብኝ ድምፅ ብቻ አይደለም፤ መደነቅ ነው። ለምን ይሆን የዘመኑ ግጥም ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ እያልኩ ሳማርር የከረምኩት? ከመድረክ ከሰማኋቸው አንዳንዶቹን በኋላ ታትመው ሳነባቸው ሌላ ግጥም ሆነው አግኝቻቸዋለሁ።

እንግሊዛዊው ደራሲ ዴቪድ ሎጅ ይህን ኑሮ ከውስጥ ያውቀው ነበር። ጆሮው የደከመ ሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመው ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይም ቀጫጭን ድምፆች የሚያመልጡት ጡረተኛ የቋንቋ ሊቅ ነው። የመጽሐፉ ርእስ ራሱ በእንግሊዝኛ መስማት መሳንና ሞት የሚሉት ቃላት በድምፅ በመቀራረባቸው ላይ የቆመ ጨዋታ ነው። ጆሮ የደከመው ሰው ቢሳሳት የማይገርምባቸውን ሁለት ቃላት መርጦ ርእስ ማድረጉን እወድለታለሁ።

ግምት ግን የእኔ ብቻ ሥራ አይደለም። ሌሎችም እኔን የሚያነቡኝ በግምት ነው። አንዲት አክስት ነበረችኝ፤ ከኋላዋ «እንዴት ዋሉ?» ሲሏት መልስ የማትሰጥ። መንደሩ «ኮርታለች» አለ። በአገራችን ሰላምታ አለመመለስ ከኩራት በቀር ሌላ ስም የለውም፤ ማንም ወደ ፊቷ ዞሮ የሞከረ የለም። ቋንቋችን ራሱ ገምቶ የደመደመ ነው። «ደንቆሮ» የሚለው ቃል መስማት የተሳነውንም፣ ዕውቀት የሌለውንም አንድ አድርጎ ይጠራል። ሰው ጠይቆ ከማረጋገጥ ይልቅ የጎደለውን ተነባቢ ከራሱ ጎተራ ሞልቶ ማንበብ ይቀለዋል። ሴት ሰላምታ ካልመለሰች ኮራች፤ ሽማግሌ የተነገረውን ካልደገመ ረሳ።

«ጆሮ ነው ወይስ አእምሮ?» ለሚለው ጥያቄዬ ባለሙያዋ የሰጠችኝ መልስ የተመዘነ ነበር። ያልገባ ነገር አይረሳም፤ የማልደግመው ነገር ከበሩ ሳያልፍ የቀረ ሊሆን እንደሚችል መስመሩ ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ወረቀቷ ስለ አእምሮዬ አትፈርድም፤ ጆሮን ብቻ ነው የጠየቀችው። ከዚህም በላይ ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። ዘ ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የተቋቋመው የአእምሮ መዘንጋት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017፣ በ2020 እና በ2024 ባወጣቸው ዘገባዎች የመስማት መቀነስን ሊታከሙ ወይም ሊቃለሉ ከሚችሉት የበሽታው ተጋላጭነቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። የጆሮ ወረቀቱ ደህና የሆነ ሁሉ ደህና ይሰማል ማለትም አይደለም። ኩጃዋና ሊበርማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በአይጦች ላይ እንዳሳዩት ኃይለኛ ድምፅ የመስሚያው ደረጃ ወደ ቦታው ከተመለሰ በኋላ እንኳ በጸጉራሞቹ ሕዋሳትና በነርቩ መካከል ያለውን መጋጠሚያ አጥፍቶ ሊቀር ይችላል። እንግዲህ ወረቀቷ የምስክር ቃል ናት፤ ፍርድ አይደለችም።

ወረቀቷን ለልጄ አሳየኋት። ሜዳውንና ገደሉን በጣቴ እያስከተልኩ፣ ሰ እና ፈ የት እንደሚኖሩ እየነገርኩ አስነበብኳት። ለብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየቻት። «ከወጥ ቤት ሆኜ ነበር የምነግርህ» አለች፤ ሌላ ምንም አላለችም። ሁለታችንም ወንድሜን አላነሣንም። ፍርሃቱ ጨርሶ አልሄደም፤ ነገር ግን አሁን ስለማናውቀው ነገር እንደምንፈራ እናውቃለን፤ የምናውቀውንም ለይተናል።

መስሚያ መሣሪያም አድርጌያለሁ። የሚስተካከለው በዚያችው ወረቀት መሠረት ነው፤ በሜዳው ላይ ብዙም አይጨምርም፣ በገደሉ ላይ ያጎላል። ሰ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ቤቴ ተመለሰች፤ መጀመሪያ የሰማኋት ወረቀት ስገልጥ ነው። መጽሐፍ እንዲህ ድምፅ ያለው ዕቃ መሆኑን ረስቼው ነበር። መሣሪያው ግን የሞተውን አያስነሣም፤ በጫጫታ መካከል ዛሬም ከአሥር ቃል ጥቂቱ ያመልጠኛል። ልዩነቱ አሁን ማምለጡን ማወቄ ነው።

ስለዚህ አንድ ልማድ ትቻለሁ፤ ሳልሰማ «እሺ» ማለትን። ጆሮው የደከመ ሰው ከሁሉም በላይ የሚያዘወትራት ቃል ይህች ናት፤ ጨዋታ እንዳትበርድ፣ ሰው እንዳይሰለች የምትከፈል ቀረጥ። አሁን «ምን አልክ?» እላለሁ፤ ካልገባኝ ደግሜ እላለሁ፤ የሰማሁትንም መልሼ ለተናጋሪው እሰጠዋለሁ። በምርመራው ክፍልም በአዝማሪ ቤትም ሕጉ አንድ ነው፤ የተቀበልከውን መልስ፣ ያኔ ምን እንደደረሰህ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ።

በዚህ ገጽ ግጥም የምታነቡና የምትጽፉ ወዳጆቼ፣ ከመድረክ ስታነቡ አንድ ነገር አስቡልኝ። ከሰሚዎቻችሁ መካከል በትክክለኛው ቦታ ራሱን እየነቀነቀ፣ በትክክለኛው ጊዜ እያጨበጨበ፣ እናንተ ያልጻፋችሁትን የተለመደ ግጥም የሚሰማ ሰው አይጠፋም። መጮህ አያስፈልግም። ፊታችሁን ከወረቀቱ ቀና አድርጉ፣ ብርሃኑ ከንፈራችሁ ላይ ይረፍ፤ ያቺ ያልተጠበቀች ቃል ስትደርስ ደግሞ ሁለት ጊዜ በሏት። የሰማት ሰው ይደሰትባታል፤ ያልሰማት ሰው ያገኛታል።